የቀናሁበት ድሬሰር

ከውጭ አገር ተምሬ የተመለስኩት በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ያጠናሁት ባዮኬሚስትሪ ሲሆን ሙያዬ ማይቶኮንድሪያ ላይ ነበር። ማይቶኮንድሪያ በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ የሚገኙ፣ በባዶ ዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ናቸው፤ የበላነው እህል ጉልበት የሚሆነው በእነሱ ነው። እነሱ ሲጎዱ ሰው በልቶም ይዝላል። እዚያ ሳለሁ አምስት ዓመት ሙሉ የአይጥ ጉበት ስፈጭ ኖሬያለሁ። አገሬ ስገባ ግን የራሴ የምለው በሽታ አማረኝ።

ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ታናሽ እህቴ ጓያ ሰብሯት አንኮበር አባታችን ቤት ተቀምጣ ነበር።

ጓያ ክፉ ቀን የማይጥለው እህል ነው። ገብሱን ውርጭ፣ ስንዴውን ውሃ ሲያጠፋው ጓያ ይበቅላል። ሰውም በቂጣም በሽሮም በንፍሮም እያደረገ ችግሩን ይሻገርበታል። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ግን አንድ ቀን ጠዋት እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ምላሱ ደህና፣ እጁ ደህና፣ ልቡም ደህና ሆኖ እግሩ ብቻ እንደ ግንድ ይደርቃል። የአገሩ ሰው «እንፋሎቱ ነው የሚሰብረው» ይላል። እኔ ደግሞ በውስጡ ያለው መርዝ የነርቭ ሕዋሳቱን ማይቶኮንድሪያ እያፈነ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ስሜም አብሮት እንዲተልቅ እፈልግ ነበር።

አዲስ አበባ አንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ ሰጡኝ። የጎደለኝ ታማሚ ነበር። ደብረ ብርሃን ሄጄ በአንድ ክሊኒክ ስጠይቅ፣ «ስለ ጓያ ከሆነ ድሬሰሩን ያነጋግሩ» አሉኝ።

ድሬሰሩ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። አንገቱ ላይ የሳሳ ነጭ ካፖርት ለብሶ የአንዲት ሴት ቁስል ያጥብ ነበር። አባቱ ባና የሚሠሩ ሸማኔ እንደነበሩ፣ እሱም ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ የቁስል ማጠብና የመርፌ ሥልጠና እንደወሰደ በኋላ ሰማሁ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው እጁን በፎጣ አድርቆ ሁለቱንም ዘረጋልኝ።

«እንኳን ደህና መጡ ዶክተር። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ስጠብቅ ነው የኖርኩት» አለና ከመድኃኒት መደርደሪያው ሥር ሦስት ወፍራም ደብተሮች አወጣ።

ለስድስት ዓመት በየገበያው ቀን ለሚ ከተማ ድረስ እየተመላለሰ ጓያ የሰበራቸውን ሰዎች መዝግቧል። የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ፣ እግሩ የያዘውን ወር፣ ምን እንደበላ፣ እንዴት እንደተሠራ፣ ከቤቱ ማን እንደተረፈ። ገጾቹን እያገላበጥኩ ሳለ በአንዱ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እዚህ ላይ ይመልከቱልኝ። ጓያውን ዘፍዝፈው ውሃውን የሚደፉ እናቶች አሉ። በእነሱ ቤት የተሰበረ ሰው ብዙም አላገኘሁም። መርዙ ከውሃው ጋር የሚሄድ ይሆን እንዴ ዶክተር?»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በውሃ የሚሟሟ መርዝ ከሆነ በውሃ ማውጣት፣ ማጣራትና መፈተሽ ይቻላል። ላቦራቶሪ ገብቼ በየት በኩል እጀምራለሁ እያልኩ ስጨነቅበት የከረምኩትን አንድ ድሬሰር በእርሳስ ጽፎ አስቀምጦልኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደረቴ ላይ ግን የሆነ ነገር ቆረጥ አደረገኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩት፤ «ግን ሳይንሳዊ አይደለም።»

«እሱንማ እርስዎ ያደርጉልኛል ብዬ ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ያ ፈገግታው አናደደኝ። ምንም ክፋት ስላልነበረበት ነው መሰለኝ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አብረን ለሚ ሄድን። ሕመምተኞቹ ምርኩዛቸውን ይዘው ከአንድ ዋርካ ሥር ተሰብስበው ነበር። መርፌዬን አውጥቼ ስለ ደም ናሙና ማስረዳት ጀመርኩ። የተማርኩት በውጭ ቋንቋ ስለነበር አማርኛዬ የመጽሐፍ ሆኖብኝ ተንተባተብኩ። አንድ ሽማግሌ ክንዳቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ያኔ ድሬሰሩ መሬት ላይ ቁጭ አለና ሽማግሌውን ስለ በሬያቸው ጠየቃቸው። ስለ በሬው ብዙ አወሩ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ የራሱን ክንድ ለእኔ ዘረጋ።

«መጀመሪያ ከእኔ ይቅዱ ዶክተር፤ ይዩት።»

ቀዳሁ። ከዚያ ሁሉም ክንዳቸውን ሰጡኝ፤ ዓይናቸው ግን እሱ ላይ ነበር። ሽማግሌው ሲነሱ የመረቁት እሱን ነው። እኔን «ፈረንጁ ደህና ሁን» አሉኝ። የአንኮበር መሪጌታ ልጅ ሆኜ ሳለሁ።

ናሙናዎቹን በበረዶ አድርጌ አዲስ አበባ እመልስ ነበር። ከቄራ የበግ አንጎል አመጣለሁ፤ እፈጨዋለሁ፤ በሚሽከረከረው መሣሪያ ማይቶኮንድሪያውን ለይቼ ጓያ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ወይም ከደሙ የወጣውን ፈሳሽ ጠብ አደርግበታለሁ። ከዚያ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ኦክስጅን እንዴት እንደሚቀንስ እያየሁ እቀመጣለሁ። አንዳንድ ቀን የማይቶኮንድሪያው ትንፋሽ ቀስ ይላል፤ አንዳንድ ቀን ምንም አይሆንም። ውጤቱ ሲያምርልኝ ለድሬሰሩ አልነግረውም ነበር። ሲበላሽ ግን «የአንተ ናሙና በደንብ አልተያዘም» ብዬ እጽፍለታለሁ። እሱም «ይቅርታ፣ በሚቀጥለው እጠነቀቃለሁ» ብሎ ይመልስልኛል።

አንድ ጊዜ እህቴን ሊያያት ከእኔ ጋር አንኮበር መጣ፤ እኔ ያመጣሁት መስሎኝ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ውሻው ጅራቱን ቆላለት። ለካ ላለፉት ሁለት ዓመታት በየጊዜው እየመጣ እግሯን ያሽላት፣ በሁለት ምርኩዝ መራመድ ያለማምዳት ነበር። ከውጭ አገር ስመለስ ከመደብ ላይ ተቀምጣ ስላየኋት፣ እህቴ እንደማትነሳ ነበር የማስበው። ያን ቀን ግን ከጓዳ እስከ በሩ እየተራመደች መጥታ ተቀበለችን። መጀመሪያ ያየችው እሱን ነበር።

አባቴ ዓይናቸው ደክሟል። መሪጌታ ስለሆኑ ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ድሬሰሩ ጉልበታቸውን ሲስም ድምፁን ሳይሰሙ በእጁ አወቁት።

«መጣህ ልጄ?»

ልጃቸው እኔ እዚያው ቆሜያለሁ።

ማዕድ ቀርቦ ስንበላ አባቴ ወደ እኔ ዞር ብለው «እስቲ ያን የምታጠናውን ነገር ንገረኝ፤ ለሰው ስናገር ግራ እየገባኝ ነው» አሉኝ። ስለ ኤንዛይም፣ ስለ ኦክስጅን፣ ስለ ሁለት ሽፋን ነገርኳቸው። ጉርሻቸውን ይዘው ሰሙኝ፤ አልገባቸውም። ድሬሰሩ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀና፣

«የኔታ» አለ፣ «በሰውነታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ። የምንበላው እንጨቱ ነው። ዶክተር እንደሚሉት፣ ጓያ የሚያጠፋው እንጨቱን ሳይሆን ምድጃውን ነው።»

«አሃ!» አሉ አባቴ። «እንዲህ በል እንጂ!» ያሉት ግን እኔን ነው። ከዚያም የያዙትን ጉርሻ እሱን አጎረሱት።

ያችን የምድጃ ነገር በኋላ በየማስተማሪያው ክፍል እናገራት ነበር። ከማን እንደሰማኋት ግን ለብዙ ጊዜ አልተናገርኩም።

በማግስቱ ድሬሰሩ አባቴን አጅቦ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ደብተሮቹን ትቷቸው ነበር። የአንድ ታማሚ ስም እየፈለግኩ ስገልጥ የእህቴን ስም አገኘሁ። ገጹን እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። ዕድሜዋን፣ እግሯ የያዛትን ወር ከጻፈ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «በዚያ ዓመት ገብሱን ውርጭ መታው። ከቤቱ የቀረውን ገብስ በሶ አድርገው አዲስ አበባ ለሚማረው ወንድሟ ስንቅ ላኩለት። አባቷ የሚበሉት ትንሽ ስንዴ ተለየላቸው። እሷ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ጓያ ብቻ በላች።»

በሶውን አስታወስኩት። በነጭ ከረጢት መጣ። ማደሪያ ቤታችን ለነበሩት ጓደኞቼ ሁሉ አካፍዬው ነበር።

እህቴ ጓሮ ተቀምጣ ቃሪያ ትለቅም ነበር። ሄጄ ቆምኩባት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ገጹን ስታይ ነገሩ ገባት። «አልጠየቅከኝማ ጋሼ» አለችኝ።

«እሱስ?»

«እሱ ጠየቀኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ቀን አልቅሶ እህቱን ያቅፍ ነበር። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ ይህን ነገር ለምን ለእሱ ነገረችው? የእኔን ዕዳ፣ የእኔን ኃጢአት፣ የእኔን እህት እንኳ እሱ ቀድሞ ያዘብኝ። ደብተሩን አጥፌ ከነበረበት መለስኩት፤ ምንም እንዳላየሁ ሆኜም ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ድሬሰሩ ሽማግሎች ልኮ እህቴን ጠየቀ። አባቴ ደስ ብሏቸው እኔን አስጠሩኝ፤ ታላቅ ወንድም ሳይሰማ አይሆንምና።

«አይሆንም» አልኳቸው።

«ለምን?»

«የባና ሠሪ ልጅ ነው። እኛ የካህናት ቤት ነን።»

አባቴ ቀና ብለው ወደ ድምፄ ተመለከቱ። «ጠራቢውን ዮሴፍን ማን ንቆት ያውቃል? ይኼን ነው ውጭ አገር ያስተማሩህ?»

አፈርኩ፤ ግን አልተመለስኩም። «እስከ ፋሲካ ላስብበት» ብዬ አዲስ አበባ ገባሁ። ስለ ዘሩ የተናገርኩት እውነቱ አልነበረም። እውነቱ ቢጠየቅ፣ ያ ሰው ገበያውንም፣ ሥራዬንም፣ አባቴንም ይዞብኛል፤ አሁን ደግሞ ቤቴ ሊገባ ነው የሚል ነበር።

በዚያው ሳምንት ከአንድ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋር ምሳ በላሁ። የጤና ሠራተኞችን የሚመድበው እሱ ነው። ቆላ የሚወርድ ሰው አጣሁ እያለ ሲያማርር፣

«ደብረ ብርሃን አንድ ድሬሰር አለ» አልኩት። «ብርቱ ነው። ሕዝብ ይወደዋል። ለብቻው ጣቢያ ይዞ መሥራት ይችላል።»

አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ምስክርነቴ ሁሉ እውነት ነበር። ጓደኛዬ ስሙን በብጫቂ ወረቀት ላይ ሲጽፍ እያየሁ ሽሮዬን ጨርሼ በላሁ።

የዝውውሩ ደብዳቤ ወር ሳይሞላ ደረሰው። ምድቡ ከአንኮበር ቁልቁለት በታች፣ ወባና ሙቀት ያለበት፣ ግመል የሚተላለፍበት አንድ የቆላ ጣቢያ ነበር። ሊሰናበተኝ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ሦስቱን ደብተሮች በጨርቅ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖራቸው።

«እዚያ ጓያ የለም» አለ። «ሥራው እንዳይቋረጥብዎ።»

እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ዓይኔን አላየኝም፤ ያኔ ሳያውቅ አይቀርም ብዬ ጠረጠርኩ፤ ግን ደብተሮቹን ሳብ አድርጌ ወሰድኩ።

የሚቀጥለው የገበያ ቀን በተሰጠኝ መኪና ለሚ ወረድኩ። ሥራው አሁን የእኔ ብቻ ነው ብዬ ተደስቼ ነበር፤ መደሰቴን አልደብቅም። ከዋርካው ሥር የተቀመጡት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ያ ሽማግሌ ከመካከላቸው ናቸው።

«ያ ልጅ የት ሄደ?» አሉኝ።

«ተዛውሯል አባቴ።»

«ማን አዛወረው?»

መርፌዎቼን መደርደር ጀመርኩ። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። «እንግዲያው እኛም ወደየቤታችን» አሉ። ሦስቱም ተከተሏቸው። እንዲያ እግራቸውን እየጎተቱ ሲሄዱ ለማየት የሚከብድ ነገር ነው። በቀጣዮቹ ሁለት ገበያዎች ማንም አልመጣም። ደብተሩ ላይ ያሉትን ስሞች ይዤ በየቤቱ ብዞርም፣ «የለም፣ ዘመድ ጋ ሄዷል» ከማለት ሌላ መልስ አላገኘሁም። ላቦራቶሪዬ ውስጥ መሣሪያው ሲሽከረከር ይውላል፤ የማስገባበት ነገር ግን አልነበረኝም።

ለፋሲካ አንኮበር ስገባ እህቴ የዝውውሩን ደብዳቤ ግልባጭ ይዛ ጠበቀችኝ። ማንበብ ያስተማሯት አባቴ ናቸው።

«‹ስለ ብርታቱ የተመሰከረለት በመሆኑ› ይላል ጋሼ። የመሰከረለት ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«አዲስ አበባ የሚያውቀው ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

አባቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ይሰማሉ። እንደገና ልዋሽ ፈለግኩ፤ አልሆነልኝም። «ለእሱም ዕድገት ነው ብዬ ነው» አልኩ።

እህቴ አልጮኸችም። ምርኩዞቿን ይዛ ተነሳችና ፊቴ ድረስ መጣች። «በሶውን እኔ ነኝ የፈጨሁት» አለችኝ። «አንድም ቀን አልቆጨኝም። አንተን ሳስብ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ቆጨኝ።»

ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሆነ። ድሬሰሩ ፈቃድ ወስዶ መጣ። እኔም ከሰው ጋር ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም ና ወደፊት አላለኝም። በሦስተኛው ቀን እህቴን በበቅሎ አስቀምጦ፣ ልጓሙን እሱ ይዞ ቁልቁለቱን ወረዱ። አባቴ እስከ ደጁ ተመርተው ወጡና የበቅሎዋ ኮቴ እስኪጠፋ ቆሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሱን ስለወደድኩት ካንተ የቀነስኩ መሰለህ?»

ወደ ቤት ልመራቸው እጃቸውን ስይዝ አስለቀቁኝ።

«ወርደህ ይቅርታ ሳትጠይቅ ደጄን አትርገጥ።»

ለመውረድ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ሥራ በዛ፣ መንገዱ ተበላሸ፣ ወባ አለ እያልኩ ለራሴ ሰበብ ስሰጥ ከረምኩ። በጥር አንድ በቅሎ ተከራይቼ ወረድኩ። ጣቢያው ባለ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። ከግራር ጥላ ሥር ሃያ የሚሆን ሰው ወረፋ ይዟል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ግመል ነጂውም። ድሬሰሩ በሩ ላይ ብቅ ብሎ አየኝና ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ።

«ዶክተር፣ ወረፋው እስኪያልቅ ይታገሡኛል?»

ታገሥኩ። መጨረሻ ላይ ተቀምጬ ከሰዓት በኋላ ድረስ ስጠብቅ፣ አንዲት እናት ከውስጥ እየሳቀች ወጣች። ትኩሳት የያዘው ልጅ አዝላ ነው የምትስቀው። ምን ብሎ እንዳሳቃት ማወቅ አማረኝ። ያን ሁሉ መንገድ ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ፣ እዚያም ቀናሁ።

ወረፋው ሲያልቅ ገና ፀሐይ ሳለች ሦስታችን ደጅ ተቀመጥን። የመጣሁበትን ነገር ሳላስረዝም ተናገርኩ። ድሬሰሩ መሬቱን በእንጨት እየጫረ ሰማኝ።

«አውቄ ነበር» አለ። «ደብተሮቹን ያመጣሁልዎ ቀን ልሰድብዎ ነበር የመጣሁት። ደጅዎ ላይ ስደርስ የሰዎቹ ጉዳይ በእኛ ጠብ ይቅር ወይ ብዬ ተውኩት። ንዴቱ ግን አልለቀቀኝም ነበር።» ቀና ብሎ አየኝ። «አሁን ይቅር ብያለሁ። እውነቴን ነው።»

ወደ እህቴ ዞርኩ።

«እኔ ገና ነኝ» አለች። «አትቸኩለኝ።»

አንኮበር ስመለስ አባቴ ከበሩ ላይ ጠየቁኝ። «ይቅርታውን ሰጡህ?»

«እሱ ሰጠኝ። እሷ ገና ናት።»

«እንግዲያው ደግመህ ትወርዳለህ» አሉና ግባ አሉኝ።

በዚያው ዓመት የዘፈዘፉትንና ያልዘፈዘፉትን ቤቶች የሚያነጻጽር አንድ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። የድሬሰሩን ስም ከእኔ አስቀደምኩ። ብዕሩን ይዤ ስሙን ከአንዴም ሁለቴ ሰርዤ መልሼ ጻፍኩት። የማይቶኮንድሪያው ነገር በእኔ እጅ አላለቀም። ከእኔ የተሻሉ መሣሪያ ያላቸው ሌሎች ያዙት፤ እኔም ሌሎች በሽታዎችን እያጠናሁ ቀጠልኩ። ለሚ ግን መመለስ ችያለሁ። ድሬሰሩ በደብዳቤ ሰላምታ ልኮላቸው ስለነበር ሽማግሌው ክንዳቸውን ሰጡኝ።

ቆላው ጣቢያ ሁለተኛ ወረድኩ፤ ሦስተኛም ወረድኩ። በሁለተኛው እህቴ ምግብ አቀረበችልኝ እንጂ አብራኝ አልበላችም። በሦስተኛው ወንድ ልጅ ወልዳ አገኘኋት፤ ስድስት ወር ሞልቶታል። ጥቂት አየችኝና ልጁን ጭኔ ላይ አስቀምጣ፣ «ያዝልኝ ጋሼ» ብላ ምርኩዞቿን ተደግፋ ወደ ጓዳ ገባች። ልጁ ገና ጭኔ ላይ ሳይደላደል ማልቀስ ጀመረ። አወዛወዝኩት፣ አፏጨሁለት፣ ቁልፌን አሳየሁት፤ እንቢ አለ። ድሬሰሩ ከጣቢያው እጁን እያደራረቀ መጥቶ ሲያነሳው ወዲያው ዝም አለ። ትንሿን ራሱን አባቱ ትከሻ ላይ አስደግፎ እኔን አሻግሮ ያየኛል። ቅናቱ ትንሽ ቆረጠኝ። ከዚያ ልጁ እጁን ወደ መነጽሬ ሰደደ፤ ጠጋ ብዬ እንዲይዘው ሰጠሁት።